መብራት ይሄዳል

በዚያች ደሴት ላይ ማንም ሰው በስሙ አይጠራም ነበር። የከለከለ ኖሮ አይደለም፤ ሬዲዮው ያመጣው ጣጣ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ወገቡ ላይ የሚሰካት መነጋገሪያ ሬዲዮ አለችው። በሬዲዮ ስም ከተጠራ ሦስት ሰው «አቤት» ይላል፤ ሙያ ከተጠራ ግን አንድ ሰው ብቻ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጀልባ ነጂው «ካፒቴን»፣ አትክልተኛው «አትክልት»፣ ልብስ የምትተኩሰው ልጅ «ተኳሽ» ሆነው ቀሩ። እናት አባት ያወጣው ስም ደመወዝ ቀን ብቻ ብቅ ይላል። በተኳሽ ላይማ የማያሾፍ አልነበረም። «ተኳሽ ያለችበት ደሴት ዘበኛ ምን ያደርግለታል?» ይሏታል። እሷም ካውያዋን ከፍ አድርጋ «ጠጋ በልና ጥይቷን ቅመሳት» ትላለች።

የኛ ሰው ደግሞ «መብራት» ነበር። የደሴቷን አምፖል፣ ፓውዛ፣ ገመድና ጄኔሬተር የሚጠብቅ፣ ሠላሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ረጅም ቀጭን ሰው። ምግብ ቤት ሲገባ «መብራት መጣ!» ብለው ያጨበጭቡለታል። ሲወጣ «መብራት ሄደ!» ብለው ይጮኻሉ። ፊቱን አጥቁሮ ከዋለ «ዛሬ መብራት ይቆራረጣል» ይባባላሉ። መጀመሪያ ላይ ያናድደው ነበር፣ በኋላ ለመደው። የለመደውን ሰው ደግሞ ቀልድ አይጎዳውም ይባላል፤ ይህ ግን ልክ አይደለም፣ ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ደሴቷ ሀብታም ልጁን የሚድርባት ደሴት ናት። የሚከራያት ሰው ክፍል አይከራይም፤ ራሷን ደሴቷን ነው፣ ከነአሸዋዋ ከነወፎቿ። ውሃ ላይ የቆሙ ሃያ አራት የመስታወት ቤቶች አሏት። ቤቶቹን የሚያገናኘው ነጭ መንገድ የእንግዳ ነው። ከቁጥቋጦው አጥር ጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የሠራተኛ መንገድ አለ፤ አንሶላ የተሸከመ፣ መሰላል የተሸከመ፣ ቆሻሻ የተሸከመ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት። እንግዳው አንሶላው ራሱን በራሱ የሚቀይር፣ አምፖሉም ከፀሐይ ጋር ተነጋግሮ የሚበራ እንዲመስለው ነው የሚፈለገው። ይህችን ደሴት ዳር ዳሯን ዞሮ ለመጨረስ አርባ ደቂቃ ይበቃል። መብራት በሠላሳ ደቂቃ ይዞራት ነበር።

መቀመጥ አይሆንለትማ። እናቱ «ይህ ልጅ ሲወለድም በእግሩ ነው የመጣው» ትል ነበር። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ሰው ሲያወራው አንድ እግሩ ሁልጊዜ በር ላይ ነው። ደሴቷ ላይ ሁለት ዓመት መቆየቱ ራሱን አስገርሞታል፤ እዚህ ግባ በማይባል ምክንያት ከአምስት መሥሪያ ቤት ወጥቷል። እዚህ ያቆየው ምን እንደሆነ ግን ልቡ ያውቀዋል። ካውያ የያዘች ሴት ናት።

የዚያ ሳምንት እሑድ ሰርግ ነበር። መብራት ግን ሰርጉን አያይም። ሙሽራው የራሱን የመብራት ሰዎች ይዞ መጥቷል፣ የመብራትም ውል ቅዳሜ ያልቃል፣ አላሳደሰውም። ማዶ ከተማው ውስጥ አንድ ትልቅ አዳራሽ ከሰኞ ጀምሮ ሊቀጥረው ተስማምቷል። ስለዚህ ቅዳሜ አስር ሰዓት ላይ በምትነሳው ጀልባ ይሳፈራል፣ አለቀ። አለቀ ይባላል እንጂ አላለቀም። ተኳሽ አብራው ትሄዳለች ወይስ አትሄድም? ይህችን ጥያቄ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ጠጠር ጫማው ውስጥ ይዞ የሚዞረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሁለቱ ጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው ተቀምጠው ነበር። መብራት ለዚያች ቀን አራት ቀን ሙሉ ንግግር ሲያዘጋጅ ሰንብቷል። ጄኔሬተር ቤት ውስጥ፣ ማንም በማይሰማበት ጩኸት መሃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተለማምዶታል። አዳራሽ እንዳገኘ፣ ለሷም የልብስ ክፍል እንዳለ፣ ቤት እንዳየ፣ እንደሚወዳት፣ ሁሉም በየተራው ተሰልፎ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አፍ ከዳው። ነፋሱ ይጮኻል። ውሃውን አየ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ውሃውን ደግሞ አየ። ከዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ አምልጣ የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

«ታዲያ… እንሂድ?» አላት።

«እሺ» አለች።

ብድግ ብላ የቀሚሷን ኋላ አራገፈች። ይኸው ነው። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ አበው። መብራት ያን ምሽት ከሺህም በላይ የተሰጠው መስሎት ነበር። በማግስቱ ማዶ ደውሎ ለአዳራሹ አለቃ «ሁለት ነን» አለው። ለደሴቷ ሰው ግን ስለሷ ትንፍሽ አላለም። እሷም ምንም አላለችም። የመጀመሪያውን ሳምንት ዝምታዋን ጨዋነት አለው። ሁለተኛውን ሳምንት ብልሃት አለው፣ ወሬ እንዳይወጣ ብላ ነው አለ። በሦስተኛው ሳምንት ስም አጣለት። ለምን በግልጽ አልጠየቃትም ብትሉ፣ የሰጡትን እሺ ድጋሚ መጠየቅ የተቀበሉትን ስጦታ መልሶ እንደመመዘን መሰለው። እንዲህ ነው ይሉኝታ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደሴቷን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሻንጣውን ወደ ጀልባው ወሰደ።

«አንድ ብቻ?» አለው ካፒቴን። ካፒቴን ጢሙ ከባርኔጣው በፊት የሚታይ ሽማግሌ ነው።

«ሌላም ይመጣል፣ ጋሼ።»

«የማን?»

«ይመጣል አልኩዎት እኮ።»

«እኔን ምን አገባኝ፣ የፈለገው ይምጣ። ግን ልንገርህ መብራትዬ፣ አስር ሰዓት ማለት አስር ሰዓት ነው። እኔ ለሙሽራም ቆሜ አላውቅም።»

ይህን እያለው ወገቡ ላይ ያለችው ሬዲዮ ጮኸች። የዝግጅቱ ኃላፊ ናት። እትዬ ደቂቃ ይሏታል፤ አንገቷ ላይ ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት አንጠልጥላ ነው የምትኖረው። «ሁላችሁም ስሙኝ! ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል። ከመብራት ጋር ጉዳይ ያላችሁ ከዚያ በፊት ጨርሱ። ደግሜ አልናገርም።»

ወዲያው የአትክልት ድምፅ ገባ። «እትዬ፣ ታዲያ ሻማ እንግዛ?»

ደሴቷ በሙሉ በሬዲዮ ሳቀች። መብራትም ሳቀ፤ ሳቁ ግን አገጩ ድረስ ነው የደረሰው።

ከዚያ በሠራተኛው መንገድ ወደ ልብስ ክፍል ሄደ። ልብስ ክፍሉ አንድ ጠባብ መስኮት ብቻ ያለው፣ ግድግዳው የሚያልበው ቤት ነው። ሦስት ማጠቢያ ማሽኖች አንድ ላይ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እማማ ሳሙና፣ ዋናዋ አጣቢ፣ ከማሽኑ ጋር ሃያ ዓመት ኖረው ጆሯቸው ከብዷል፤ ሰው ሁሉ እንደሳቸው የማይሰማ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። ተኳሽ ጥግ ላይ ካለው ረጅም ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማለች። ግንባሯ ላይ ላብ፣ ከጎኗ ወገቧ ድረስ የደረሰ የናፕኪን ክምር። እጇ እንደዚያ ቀን ሲፈጥን አይቶት አያውቅም።

«ደረስሽ?» አላት። መሰናዶዋን ማለቱ ነው።

«የት እደርሳለሁ! ክምሩን አታየውም? ግን ሞቼም ቢሆን እስከ አስር ሰዓት እጨርሳለሁ።»

ልቡ ዘለለች። «ሰምተሻል ማለት ነው? አስር ሰዓት መሆኑን?»

«መብራት ይሄዳል አይደል? ያልሰማ አለ እንዴ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰው ሁሉ እሱን አይደል የሚያወራው። ጎህ ሳይቀድ የተነሳሁት ለምን መሰለህ?»

መብራት ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ሆነ። ይህች ልጅ እንዴት ያለች ተጫዋች ናት፣ አለ በሆዱ። ጆሮ የጌታው አሽከር ነው፤ የታዘዘውን ይሰማል።

«ታዲያ ቀለል አድርጊው» አላት ለስለስ ብሎ። «ሁሉን መያዝ የለብሽም። የጎደለው እዚያው ይገኛል።»

ተኳሽ ቀና ብላ አየችው። «ምኑን ነው የምተወው? ናፕኪኑን ልተው? የሚዜዎቹን ሸሚዝ ልተው? ቬሎው እንኳ ገና አልተነካም! አንተማ ምን አለብህ።»

«ልጄ!» ብለው ጮኹ እማማ ሳሙና፣ «ካልረዳህ ከበሩ ገለል በል፣ እንፋሎቱ ይውጣ!»

ገለል አለ። መቶ እርምጃ ያህል ደስ ብሎት ሄደ። በመቶ አንደኛው እርምጃ ላይ ቆመ። ከጠረጴዛዋ በላይ ሚስማር ላይ የሰቀለቻት ትንሽ መስታወት እዚያው ነበረች። ነጠላ ጫማዋም፣ ጆሮው የተሰበረው ኩባያዋም፣ ሁሉም እንዳለ በየቦታው ነበር። ዛሬ የምትሄድ ሴት መስታወቷን አታወርድም? ኋላ ታወርዳታለች። ወይም አዲስ ልትገዛ ነው። ወይም… ደሴቷን አንድ ጊዜ ዞረ። ቀጥሎ በተቃራኒው ዞረ፣ በዚያ በኩል ሌላ መልስ ያለ ይመስል። ያልላላ አምፖል እየፈታ መልሶ አጠበቀ። ማጥፊያዎቹን ለአዲሶቹ ሰዎች አስረከበ። የትኛው ሶኬት እንደሚያነዝር ሲነግራቸው አንዱ «ወንድም፣ አንዴ ነግረኸናል» አለው። ሦስት ጊዜ ነግሯቸዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልምምዱ ተጀመረ።

እትዬ ደቂቃ ዘንድ ሰርግ ማለት በደቂቃ የተከተፈ ነገር ነው። ሙሽራዋ ትገባለች፣ ሁለት ደቂቃ። ቃል ኪዳን፣ አራት ደቂቃ። እንባ፣ እንደሁኔታው። እውነተኞቹ ሙሽሮች በልምምድ አይደክሙም፤ በመስታወት ቤታቸው ያርፋሉ። መብራቱ የሚያርፍበት፣ ፎቶ አንሺው የሚለካው አካል ግን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሠራተኛው መሃል ቁመታቸው የሚመጥን ሁለት ሰዎች ይፈለጋሉ።

«ሙሽራዋ የተኳሽን ያህል ናት» አለች እትዬ ደቂቃ፣ ሬዲዮዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ተኳሽ! ነጭ ነገር ጣል አድርገሽ ወደ ዳሱ ነይ።»

«እትዬ፣ በሞቴ ሌላ ሰው ይፈለግ!» አለ የተኳሽ ድምፅ፣ ከበስተጀርባው ማሽን እየጮኸ። «መብራት ሳይሄድ ልጨርስ!»

«መብራትማ ይኸው አጠገቤ ቆሟል፣ የትም አልሄደም። ነይ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ተኳሽ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እየሮጠች መጣች። እትዬ ደቂቃ ዙሪያዋን ቃኘች። «ሙሽራው ረጅም ነው። አንተ መብራት፣ ሥራ ፈት ነህ። ና ቁም። እጇን ያዝ። እንደሱ አይደለም፣ መሰላል የያዝክ አስመሰልከው። ለስለስ አድርገህ።»

እንዲህ አድርገው በአበባ ቅስቱ ሥር ፊት ለፊት አቆሟቸው። ሦስት መቶ ባዶ ነጭ ወንበር ያያቸዋል። ፓውዛው ፊታቸው ላይ በራ። ፎቶ አንሺው መለኪያውን አገጫቸው ሥር አስጠግቶ «አትንቀሳቀሱ» አለ። «ከንፈራችሁም እንዳይንቀሳቀስ። እንደ ሐውልት።»

የእጇ መዳፍ ካውያው ያሞቀው ነው፣ ይፋጃል። ተኳሽ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ በጥርሷ መሃል «ምን አለ ቶሎ ቢለቁን» አለች። «መብራት ከሄደ በኋላ ቬሎውን በምን ልተኩሰው ነው? በትንፋሼ?»

መብራትም በጥርሱ መሃል «ከሄደ በኋላ ምን ያስተኩስሻል?» አለ። «አብረን አይደለም እንዴ?»

«ምኑን?»

«የምንሄደው።»

«የት?»

«ማዶ ነዋ! ሻንጣሽን ለካፒቴን አልሰጠሽውም?»

«የምን ሻንጣ?»

«ሙሽራዋ!» አለ ፎቶ አንሺው። «ከንፈር!»

መብራት ፎቶ አንሺው ሲዞር ጠብቆ «እንሂድ ስልሽ እሺ አላልሽም?» አላት።

«መቼ?»

«የዚያን ለት! ጀልባ ማቆሚያው ላይ!»

ዓይኖቿ ጠበቡ፣ ወደ ኋላ ሄደው ያን ምሽት ሲፈልጉ ታየው። አገኙት። «ወይ ጉዴ!» አለች። «በርዶኝ እኮ ነው! ነፋሱ አጥንቴ ድረስ ገብቶ! ወደ ውስጥ እንግባ ያልከኝ መስሎኝ!»

«ወደ ውስጥ?»

«እና ወዴት ይምሰለኝ? ራት ደርሶ ነበር!»

መብራት አራት ቀን የተለማመደው ንግግር፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ አንድ ሰሃን ራት ሆኖ ታየው። ተኳሽ ግን ገና አልጨረሰችም። ቅንድቧ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«ቆይ… ቆይ እስቲ። አስር ሰዓት ላይ የሚሄደው መብራት…»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«መብራቱ ነዋ! ኮረንቲው! ሰው ሁሉ ‹መብራት ሊሄድ ነው፣ ምን ይሻላል› ሲል አዲሶቹ ሰዎች ጄኔሬተር ሊቀይሩ ነው ብዬ! ሁለት መቶ ሰማንያ ናፕኪን እጄ እስኪዝል የተኮስኩት ኮረንቲ ሊጠፋ ነው ብዬ ነው!»

«አሁን ቃል ኪዳን!» አለች እትዬ ደቂቃ፣ ሰዓቷን ከፍ አድርጋ። «ቃሉን ሳይናገሩ በፊት አርባ ሰከንድ ይተያያሉ። አርባ! ያለ ወሬ። ጀምሩ።»

አርባ ሰከንድ ለሚቸኩል ሰው ዓመት ነው። የመጀመሪያዎቹን አስር ሰከንዶች መብራት ግንባሯን አየ፣ ዓይኗን ፈርቶ። ዓይኑን ዝቅ ሲያደርግ እሷ ቀድማ እያየችው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያያት በእንፋሎት መሃል፣ በበር ቀዳዳ፣ መሰላል ላይ ሆኖ ነው። እንዲህ ቆሞ፣ የትም ሳይሄድ፣ አይቷት አያውቅም ነበር። የግራ ዓይኗ ሥር የካውያ ጠባሳ አለ፤ ዛሬ ነው ያየው። ሃያኛው ሰከንድ ላይ የተኳሽ ዓይን ውሃ ሞላ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ፎቶ አንሺው። «ነገ ሙሽራዋም እንዲህ ባደረገችልኝ!»

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?» አለች ተኳሽ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«‹ታዲያ እንሂድ› መንገር ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፍህን ማን ወሰደብህ?»

«አፌማ…»

«ጊዜ!» አለች እትዬ ደቂቃ።

ተኳሽ እጇን ነጠቀች። የጠረጴዛ ልብሱን ከትከሻዋ አውርዳ በአራት አጠፈችው፤ በንዴት ውስጥ እንኳ ጠርዙን ከጠርዙ ሳታስተካክል አላጠፈችም። ከዚያ በሠራተኛው መንገድ ሄደች። መብራት የሦስት መቶ ወንበሮችን ረድፍ አቋርጦ ተከተላት።

ልብስ ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ማሽኖቹ ቆመዋል። እማማ ሳሙና የሁለቱን ፊት አፈራርቀው አዩና ባዶ ቅርጫታቸውን አነሱ። «የሚሸተኝ ቃጠሎ የልብስ አይደለም» ብለው ጮኹ፣ ለራሳቸው የተናገሩ መስሏቸው፣ ወጡም።

ተኳሽ ቬሎውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በላዩ ስስ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች። ጀርባዋን ሰጥታዋለች። «በል ተናገር» አለች። «ሳትውጥ።»

መብራት ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚዘል ሰው ጀመረ። «ማዶ አዳራሽ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እጀምራለሁ። የልብስ ክፍል አላቸው፣ ሰው ይፈልጋሉ። ቤት አይቻለሁ። እወድሻለሁ። አብረሽኝ እንድትሄጂ እፈልጋለሁ፣ ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለመኖር ማለቴ ነው፣ ሚስቴ ሆነሽ። ይኸው ነው።»

ካውያው «ሽ…» አለ።

«በዛሬው ጀልባ?» አለች ተኳሽ።

«በዛሬው።»

«በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ?»

«በሃያ ሦስት።»

ዞር ብላ አየችው። «ነገ እዚህ ሰርግ ነው። ይህን ቬሎ እንዲህ እንደተጨማደደ ጥላ፣ የሰው ልጅ በእንግዳ ፊት አዋርዳ የምትሄድ ሴት ነው የምትፈልገው? እሷን አግብተሃት ነገ አንተንም እንዲሁ ሳትተኩስህ ጥላህ ትሄዳለች።»

«እንግዲያው አትሄጂም።»

«ዛሬ አልሄድም። ሌላም ነገር አለ፣ ልንገርህ፣ ከዚያ የፈለግከውን አድርግ። ምሳህን ቆመህ ነው የምትበላው። ስታወራኝ አንድ እግርህ በር ላይ ነው፤ ይኸው አሁንም በር ላይ ነው።»

መብራት ወደ እግሩ አየ። እውነትም ደፉ ላይ ነበር።

«ካንተ አፍ እንሂድ፣ እንውጣ፣ እንነሳ ሰምቻለሁ» አለች። «እንቀመጥ ብለኸኝ ግን አታውቅም። ከሚሄድ ሰው ጋር መሄድ አልፈራም። ከደረሰም በኋላ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው የምፈራው። ማዶ ገብተን መጋረጃ ሰቅዬ ሳልጨርስ ‹ታዲያ፣ እንሂድ?› ብትለኝስ?»

ሐሰት ቢሆን ይከራከር ነበር።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ቬሎው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ተቀመጥ።»

«ጀልባው…»

«አውቃለሁ። ሂድ ካልክ ሂድ፣ አልቀየምህም፣ መልካም መንገድ እልሃለሁ ከልቤ። እዚህ ከሆንክ ግን ተቀመጥ።»

አንድ ቅርጫት ገልብጦ ተቀመጠ። መቀመጥ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን የሚያውቀው የተቸገረበት ብቻ ነው። ጉልበቱ መዝለል ጀመረ። በእጁ ያዘው። ሌላኛው ጉልበቱ ጀመረ። ከውጭ የጀልባዋ ጡሩምባ ጮኸች፤ አንደኛው ነው። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«መብራት፣ መብራት፣ ካፒቴን ነኝ። ሻንጣህ ተሳፍሯል፣ አንተ ግን የለህም።»

መብራት ተነሳ። ተኳሽ አልዞረችም፣ ካውያ የያዘው እጇም አልዘገየም። በሩ ጋ ደረሰ፣ መቃኑን ያዘ። በመንገዱ ጫፍ ውሃው ያበራል። አዳራሹ ታየው፤ ሺህ አምፖል፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ ቀልድ። በዓመቱ የትኛው ሶኬት እንደሚያነዝር ያውቃል። ከዚያ ደግሞ በሌላ በር መቃን ላይ እንዲህ እጁን አድርጎ ሌላ ውሃ ሲያይ ራሱን አየው። አምስት መሥሪያ ቤት ሲለቅ እንዲህ ነበር የቆመው። ከኋላው ማንም ምንም አላለውም ነበር፤ ዛሬ ግን ከኋላው ካውያ ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ጡሩምባ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሻንጣውን ላውርደው ወይስ ይዤው ልሂድ?»

መብራት ሬዲዮውን አወጣ። ድምፁ የሱ አልመስል አለው። «ይዘውት ይሂዱ፣ ጋሼ። እኔ ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ።»

«ሻንጣ ብቻውን ሲጓዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለ ካፒቴን። «ለነገሩ ከባለቤቱ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

የጀልባዋ ሞተር ተነሳ፣ ራቀ፣ ቀጠነ። መብራት ደስታ ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። የተሰማው ግን በጨለማ ደረጃ አለ ብሎ እግሩን ያነሳ ሰው የሚሰማው ነው፤ እግሩ መሬት የሚያገኝበት ጊዜ ዘገየበት። ተመልሶ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠ። ተኳሽ ይህን ጊዜ ዞረች። ፊቷ ላይ ድል አልነበረም፤ እሷም ትንሽ የፈራች ትመስላለች።

«አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለች። «ያየኸው ቤት መስኮት አለው?»

«ሁለት አለው።»

«ወዴት ያያሉ?»

«አንዱ ወደ መንገድ። ሌላውን… ልብ አላልኩም።»

«ልብ አላልክም!»

«ቆሜ ነው ያየሁት፣ ቸኩዬ።»

«አይ አንተ!» አለች፣ አፏን በክንዷ ሸፍና። «የአዳራሹ ሰውዬስ፣ ሁለት ነን ስትለው ምን አለ?»

«‹ባለቤትህ ምን ትሠራለች?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ተኳሽ ናት አልኩት። ስልኩን የዘጋው መስሎኝ ነበር፣ ደንግጦ ነው ለካ።»

ተኳሽ ካውያውን አቁማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቋ እስኪበርድ ቆይታ ዓይኗን ጠረገች።

«ሰኞ አብሬህ ሄጄ አየዋለሁ» አለች። «መስኮቱንም፣ የልብስ ክፍሉንም፣ የደነገጠውን ሰውዬም። ከወደድኩት እቀመጣለሁ። ካልወደድኩት በዚያው ቀን ጀልባ እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።»

መብራት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ከቅርጫቱ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ለእትዬ ደቂቃ ልንገራት፣ ሁለት ሌሊት ማደሪያ እንድትሰጠኝ፣ ከዚያ ማዶ ደውዬ…»

«ተቀመጥ አንተ! ገና እጅጌው ይቀራል።»

ተቀመጠ። ጉልበቱ ብቻ አልሰማም ነበር፤ ሁለተኛው እጅጌ እስኪያልቅ ድረስ እንደዘለለ ቆየ።